ሊቀ ሸኚያን ይሻው

መምህር ይሻው በየቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ከኮታቸው እጅጌ ላይ የጠመኔውን ብናኝ ያራግፋሉ፣ ጃንጥላቸውን ከመምህራን ማረፊያው በር ጀርባ ያነሣሉ፣ ከዚያም ዞር ብለው፣ "እህ፣ ዛሬ ማንን ልሸኝ?" ይላሉ።

ሸኚ የሌለበት ከተማ የለም። "ደኅና ዋሉ" ብሎ የተነሣን እንግዳ በር ላይ ሩብ ሰዓት፣ አጥር ጥግ ሩብ ሰዓት፣ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚያቆም ሰው ሁላችንም እናውቃለን። የሸኚዎቹ አለቃ ግን ደብረ ታቦር ነው ያሉት። ባልደረቦቻቸው ሊቀ ሸኚያን የሚል ማዕርግ ሰጥተዋቸዋል። "እስከዚች ጥግ ብቻ" ካሉ፣ ጥጓ ከተማውን ጨርሳ ጋፋት ልትደርስ ትችላለች። አንድ ጊዜ የትምህርት ተቆጣጣሪ ሸኝተው፣ ተቆጣጣሪው በአጸፋው እሳቸውን መልሶ ሸኝቶ፣ እሳቸው ደግሞ እንደገና እሱን ሸኝተው፣ ሲመላለሱ መሽቶባቸው ሰውየው እሳቸው ቤት አደረ ይባላል።

ናካቶ ከኡጋንዳ ለሦስት ወር የማስተማር ልምምድ ስትመጣ መሪ መምህሯ እሳቸው ሆኑ። ሁለቱም የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ናቸውና የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰላምታና ስንብት ብቻ በአማርኛ። ብርዱን በሁለት ሹራብ ቻለችው። ስድሳ ተማሪ በአንዴ ብድግ ብሎ ሲቀበላት መደንገጧንም በሁለተኛው ሳምንት ተወች። አልለመድ ያላት አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እናቷ ኢንቴቤ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ትሸጣለች፤ ቤት ሆና ስልክ የምታነሣው ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ናካቶ ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው የእናቷን ድምፅ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ሊቀ ሸኚያን ከጎኗ ሆነው የዘንድሮውን ገብስና የወንድማቸውን በሬ አመል ያወጉላታል። በሯ ላይ ሲደርሱ አሥራ ሁለት አልፏል።

በሦስተኛው ሳምንት አገሯ ልትመለስ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣች። በማግስቱ ግን እንደምንም ደፈረች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴን የማገኛት በዚህ ሰዓት ብቻ ነው። ብቻዬን ልሂድ?"

መምህር ይሻው ቀጥ ብለው ቆሙ። "እናትሽን? ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልሽ? አይ አንቺ ልጅ! በይ ደውዪ፤ እኔ የለሁም።"

የለሁም ማለታቸው አሥር እርምጃ ወደኋላ ማለታቸው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ናካቶ እያወራች ትሄዳለች፣ እሳቸው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ይከተላሉ፤ ባጃጅ ሲመጣ በጃንጥላቸው ያስቆሙላታል።

"ከኋላሽ የሚያስለው ማነው?" አለች እናቷ አንድ ቀን።

"መሪ መምህሬ ናቸው።"

"ሰውየውን ሰላም ሳልላቸው? ምን ይሉኛል! አገናኚኝ።"

እሳቸው በአማርኛ፣ እናትየው በሉጋንዳ ተያያዙት። ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ። በሁለቱም አገር ሰላምታ አያጥርም። አንዲት ቃል ሳይግባቡ ስምንት ደቂቃ ቆዩ።

"ጨዋ ሴት ናቸው" አሉ መምህር ይሻው ስልኩን ሲመልሱ።

ሦስቱ ወር አለቀ። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ላይ ሻንጣዋን አስጫኑና፣ "እስከ ዓለም በር ብቻ" ብለው ከጎኗ ተቀመጡ። ዓለም በር ላይ ረዳቱ፣ "ወራጅ አለ?" ሲል በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ያዙ። የወረዱት ወረታ ነው።

"በይ እታለም፣ እመብርሃን ትከተልሽ። እናትሽን ሳሚልኝ።"

ይህን ብለው ወደ ደብረ ታቦር የሚመልሳቸውን መኪና ፍለጋ አስፋልቱን ተሻገሩ። እስከዚያ ቀን ወይ ከጎኗ ነበሩ ወይ ከኋላዋ። ናካቶ ጀርባቸውን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ኮታቸው ከኋላ ሳስቷል፤ ጃንጥላው ብቻውን እንደሚሄድ ሰው መሬቱን ይነካካል።

ስልኳ ጠራ። አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

"እማዬ፣ ትንሽ ቆዪ" አለች ከሚኒባሱ እየወረደች፤ "ሰው እየሸኘሁ ነው።"

ረዳቱ ሻንጣዋን አውርዶ መንገዱ ዳር አቆመላትና ሚኒባሱ ሄደ።