አባይነህ ሳሎኑን ከሦስት የከፈሉበት ዘመቻ

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለአባይነህ። በ፲፱፻፹፱ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ባለቀለሙ ቴሌቪዥን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ በዕለተ እሑድ፣ የመዝገብ ቤቱ አንበሳ፣ ሕሙመ ወገብ፣ የነፋስ ስልኩ ጌታ አባይነህ፣ በገዛ ቤታቸው ጋዜጣ ዘርግተው አንዲት ሰዓት በጸጥታ የሚያርፉበት ቦታ አጥተው እጅግ አዘኑ። ሳሎኑ ዳንቴል ለብሶ እንግዳ ይጠብቅ ነበርና፤ እርሳቸውም አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጡ ነበርና።

ወእምዝ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦ «ሳሎን ከሦስት ይከፈል። በሩ አጠገብ የእንግዳ፣ መካከሉ የቴሌቪዥን፣ መስኮቱ ሥር ያለው ማዕዘን የጸጥታ ይሁን። ከእኔ በቀር በጸጥታው የተቀመጠ ወዮለት።»

ለዘመቻውም ሠራዊት አስከተሉ፤ በቀኝ ጎረቤታቸው አብደላ ሜትር ይዞ፣ በግራ ባለቤታቸው አፀደ መጥረጊያ ይዛ፣ በስተኋላም የወገብ ቅባት። ቡፌውን ከነብርጭቆው ገፍተው፣ የአንቴናውን ገመድ በጥሰው፣ ማዕዘኑን እንደ ግድግዳ ጋረዱበት። ከዚያ ወዲያ ወንበር፣ ትራስና መብራት ተደረገ፤ ያማረም ሆነ። ነገር ግን ጌታው አዋጅ ማወጅ እንጂ ቡፌ ማዞር አያውቁምና፣ መስታወቱ ወደ ጸጥታው ማዕዘን፣ ራቁቱን የቀረው የኮምፔንሳቶ ጀርባ ወደ እንግዳው ሶፋ ዞሮ ተገኘ። ሊመልሱት ቢሞክሩ ወገባቸው እምቢ አለ፤ አብደላም ሱቁን ሊከፍት ሄደ።

ያን ጊዜ አፀደ በአዋጅ ላይ አዋጅ አወጀች፦ «እንግዳዬ የቡፌ ጀርባ እያየ አይቀመጥም። ብርጭቆው ካለበት ነው የሚገባው። አንተም ከዚያ ወንበር ተነስ።» ወዲያውም አክስቷ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከመካኒሳ አቦ ደረሱ። ጌታው ገና አንድ ርዕስ ሳያነቡ «ኖር» ብለው ተነሡ፤ ወይዘሮዋም «በእግዜር» ብለው፣ ትራሱ ላይ ተደላድለው፣ የብርጭቆውን ብዛት ያደንቁ ጀመር።

ድል የተነሡት ጌታ ጋዜጣቸውን ይዘው ወደ እንግዳው ሶፋ፣ ወደ ኮምፔንሳቶው ፊት ሸሹ። ማንም የማይመኘው አገር ነበርና ማንም አልመጣባቸውም፤ ቴሌቪዥኑም ገመዱ ተበጥሶ ዝም ብሏል። ስድስት መስመር አንብበው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ዳንቴሉን፣ ያን እንኳን ሰው አቧራም እንዲያርፍበት ያልተፈቀደውን፣ ጉልበታቸው ላይ ተደርቦ አገኙት። አፀደ አልብሳቸው ኖሯል። ደስ አላቸው፤ ከዚያ የሚበልጥ ካባ በዘመናቸው አልለበሱም።

ክብር ይሁን ቡፌ ላላዞሩት፣ በቡፌ ጀርባ ፊት ለነገሡት ለአባይነህ። ይህን የጻፍኩትም እኔው አባይነህ ነኝ፤ አንቱ የሚለኝ ሌላ ጸሐፊ ስላጣሁ።