«ወዲህ በሉት» ባዩ ማርቆስ

«አላውቅም» ማለት ሞት የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የመናኸሪያ ሰፈር ጎረቤቴ ማርቆስ እንደዚያ ነው። ቴሌቪዥንም ሆነ ትዳር ሲበላሽ «ወዲህ በሉት!» ይላል።

እማማ አማረች ልጃቸውን ቀብረው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። የልጅቷ ፎቶዎች የቀሩት ስልኳ ውስጥ ብቻ ነው። ስልኩ ግን ሲያበሩት አልከፈት ብሎ፣ ሆዱን ከፍቶ የተጋደመ አረንጓዴ ሮቦት ብቻ ያሳያል።

«ወዲህ በሉት!» አለ ማርቆስ። ለቀስተኛው ከበበው፤ እኔም አልቀረሁም። ስልኩ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጠየቀው። ታዲያ ማርቆስ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ሰው ይጠይቃል? «የስ» የሚለውን ተጫነ። ስልኩ ተነሳ።

«ይኸው እማማ፣ እንደ አዲስ ሆነልዎት!»

እማማ ተቀብለው ፎቶዎቹን ፈለጉ። ስልኩ ገና ከሱቅ እንደወጣ ባዶ ነበር፤ ለካ የጠየቀው «ሁሉንም ላጥፋ?» ብሎ ኖሯል።

«ልጄስ? የት አደረግሃት?»

ማርቆስ አንገቱን ደፋ።

«አላውቅም» አለ።