የፕሮፌሰር ኖቢላ ኮርቻ

ፈረስ የሌለበት ሰፈር ሞልቷል፤ ስለ ፈረስ ሁሉን የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እናንተም ታውቁታላችሁ። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ጋዜጣ ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ የውርርድ ኪዮስኩ በር ላይ የሚቆመው ሰውዬ ነው። ውድድሩ ሳይጀመር በሹክሹክታ ይመክራችኋል፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ ጮክ ብሎ «ነግሬ አልነበር?» ይላል። ምክሩን ሰምታችሁ ከተሸነፋችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ በደንብ አልሰማችሁም።

ለኛ ሰፈር፣ ለዋጋዱጉው ዳፖያ፣ የደረሱን ክቡር ፕሮፌሰር ኖቢላ ዌድራኦጎ ናቸው። ፕሮፌሰርነቱን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን የታንቲ አዜታ ኪዮስክ ነው። እዚያ ኒም ዛፍ ሥር፣ ታንቲ አዜታ በአንድ እጇ የውርርድ ቲኬት እየቆረጠች በሌላው አኩራ የሚሉትን የባቄላ ድቡልቡል በዘይት የምትጠብስበት ቦታ፣ የራሳቸው የሆነ የድንጋይ መቀመጫ አላቸው። አንቱታው ግን እዚህ ላይ ይብቃ፤ ሰውዬው ሎሌዬ ነው።

እኔ ቶኤ እባላለሁ፣ ከኪዮስኩ ፊት ለፊት ፀጉር አስተካክላለሁ። ሳሞ ነኝ፤ እሱ ሞሲ ነው። በአገራችን ሳሞና ሞሲ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። እኔ «ሎሌዬ» እለዋለሁ፣ እሱ «ውሻ በሊታ» ይለኛል፣ መቀየም ክልክል ነው። የቀልድ ዘመድ የለመነህን መንፈግም ነውር ነው። ታላቅ ወንድሙ ያረፈ ጊዜ የመቃብሩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ተጋደምኩ። «ጌታው ሳይፈቅድ ሎሌ አይቀበርም፤ የኮላ ፍሬ ካላመጣችሁ አልወጣም» አልኩ። ሲያለቅስ የነበረው ኖቢላ በእንባው መሐል ሳቀና የኮላ ፍሬውን ራሱ አመጣልኝ።

ጡረታ እስኪወጣ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ ነው የኖረው። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ፣ ማን መንገድ እንደሚቀር ሳይ ነው የኖርኩት» ይላል። «ደብዳቤ በለው ፈረስ በለው፣ ያው ነው።» በዚያ ላይ ዌድራኦጎ ማለት በሞሲዎች ቋንቋ ድንጉላ ፈረስ ማለት ነው። በከተማችን ይህን ስም የያዘ ሰው እንደ አሸዋ ነው፤ ፕሮፌሰር ግን እንደ ዲፕሎማ ይቆጥረዋል። «እናንተ ፈረስ ታጠናላችሁ፤ እኔ ፈረስ ዘመዴ ነው።» የዘመዱ ጀርባ ላይ ግን ተቀምጦ አያውቅም። ከፍታ ያዞረዋል።

የምንወራረደው ፓሪስ ላይ በሚሮጡ ፈረሶች ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የጥር ወር ትልቁ ውድድር ነው። አሥራ ስምንት ፈረሶች ሰው የተቀመጠባት ቀላል ጋሪ እየጎተቱ በሶምሶማ ይሽቀዳደማሉ። በሶምሶማ ብቻ። ወደ ግልቢያ የተሻገረ ፈረስ ከውድድሩ ይባረራል። ፕሮፌሰር ይህን ሕግ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሰማ፣ እስከ ዛሬም አልተዋጠለትም። «ፈረስ ጋለብክ ተብሎ ይባረራል? እንግዲያው ዓሣም ዋኘህ ተብሎ ይታሰራ።»

ትንታኔውን ለመስማት ከታንጌን ሰፈር ድረስ የሚመጡ አሉ። ጋዜጣው ላይ ከፈረሱ ስም ጎን የእግሩ ብረት ወልቆለት እንደሚሮጥ ይጻፋል፤ ብረት ያወለቀ ይፈጥናል ነው የሚባለው። ፕሮፌሰር ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም። «አራቱንም አውልቋል። ጫማ ያወለቀ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወይ መስጊድ ወይ አልጋው ላይ። ይሄ ሊተኛ ነው፣ ተወው።» ያ ፈረስ በማግስቱ አንደኛ ይወጣል። «አየህ፣ መስጊድ ነበር የሚሄደው። ነግሬ አልነበር?»

የፓሪስን አየር ከዳፖያ ሆኖ ይተነብያል። የሐርማታን ንፋስ ሰፈሩን በአቧራ ሲያለብሰው፣ እዚያ መሬቱ ረጥቧል ማለት ነው። እንዴት እንዳወቀ ብትጠይቁት ይገረምባችኋል። «አቧራው በሙሉ እኛ ጋ ከመጣ ለነሱ ምን ቀራቸው? ጭቃ ነዋ።»

ጨዋታው አራት ፈረሶችን በመግቢያ ተራቸው መገመት ነው። ፕሮፌሰር ለአንዱ ወዳጁ አሥራ አንድ ፈረስ ይመክራል፣ ለሌላው የቀሩትን ሰባት። ስለዚህ ማንም ያሸንፍ ማን እሱ የነገረው ነው። የራሱን ቲኬት ግን ለማንም አያሳይም።

እውነተኛ ፈረስ የሚያየው ዓርብ ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው። በሞሲዎች ንጉሥ ቤተ መንግሥት ደጃፍ የንጉሡ ፈረስ ይጫናል፤ ንጉሡ ቀይ ለብሶ ለጉዞ ይወጣል፤ መኳንንቱ መሬት ወድቀው «አትሂድብን» ይላሉ፤ ንጉሡ ይመለሳል፣ ኮርቻው ይወርዳል፣ ነጭ ለብሶ ዳግም ይወጣል። ከጥንት ጀምሮ በየሳምንቱ እንዲሁ ነው። ያ ፈረስ ስንት ሺህ ጊዜ ተጭኖ አንድም ቀን አልሄደም። ፕሮፌሰር ግን ዓርብ አያመልጠውም። «ፍተሻ ነው» ይላል። ከዚያ ወደ ኪዮስኩ መጥቶ ትኩስ አኩራ እየበላ የእሑዱን ጋዜጣ ይዘረጋል።

ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም፤ ጉዱን ያመጣው መሐላው ነው። በየዓመቱ የጥር ውድድር ሲቃረብ ድንጋዩ ላይ ይቆምና ይምላል። «አራቱን በተራቸው ያገኘሁ ዕለት፣ በዚያው ሳምንት ጠቅልዬ ያኮ እገባለሁ። አገሬ ገብቼ ፈረስ እገዛለሁ። የእናንተን ፊት ዳግም አላይም።» ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ መሐላ አልነበረም።

ዘንድሮ በዋዜማው፣ ጎሚስታው ድራማኔ የተጠገነ ጎማ ሲያንከባልል የፕሮፌሰርን መነጽር ጨፈለቀው። ጋዜጣው ለፕሮፌሰር ጥቁር ጉም ሆነ። እሑድ ጠዋት ታንቲ አዜታ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብሎ ምን እንዳላት ያወቅነው ኋላ ነው። «ሰው ሁሉ የሚጽፋቸውን አራቱን ጻፊልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማሽላ ጠላ የሚሸጥበት ዶሎ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰብን።

«ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፣ ፕሮፌሰር» አለ ድራማኔ። «ዛሬ እንኳ ቲኬትህን አሳየን።»

«አንተ መነጽር የሚያይ ዓይን የለህም፤ ቲኬት በምንህ ታያለህ?»

ቲኬቱን ለታንቲ አዜታ ሰጣት፤ እሷም ታነብለት ጀመር። ፈረሶቹ ወጡ። መጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ሲደርሱ ማንም ያልጠበቀው አንድ ጥቁር ፈረስ ሁሉንም ጥሎ ወጣ። ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እግሩ ተሳከረ፣ ጋለበ፣ ተባረረ። ፕሮፌሰር ከወንበሩ ዘለለ።

«ይሄ ግፍ ነው። ምን በደለ? ፈረስ ነው፣ ጋለበ። እናንተ ሰዎች ፈጣሪን አትፈሩም?»

«ፕሮፌሰር፣ ተቀመጥ» አለች ታንቲ አዜታ፣ ዓይኗን ከቲኬቱ ሳታነሣ።

«አልቀመጥም። ፊት የነበረውን ጥለው...»

«ተቀመጥ አልኩህ። አራቱም ገብተውልሃል። በተራቸው።»

ዶሎ ቤቱ ተናወጠ። ድራማኔ በትከሻው ተሸክሞ አዞረው፤ ከፍታ እንደሚያዞረው ረስተን ነበር። እኔ ግን ፊቱን አየሁት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸንፎ «ነግሬ አልነበር?» አላለም። ከወረደ በኋላ በቀስታ፣ «እንግዲህ ምያለሁ። ዓርብ ጠዋት እሄዳለሁ» አለ።

አገሩ ሁሉ የጻፈው ግምት ስለነበር ሽልማቱ ለአገሩ ሁሉ ተካፈለ። ለፕሮፌሰር የደረሰው ፈረስ አይገዛም። ኮርቻ ግን ገዛ፤ ቀይ ቆዳ፣ ጉብጉቡ በነሐስ ጉጥ የተለበጠ። ሰኞ አሳየን፣ ማክሰኞ ዕቃውን አሰረ፣ ረቡዕ ፀጉሩን እኔ ጋ ተላጨ። እኔም እየላጨሁት «በል ሂድ፣ ያኮ ያሉ አህዮች ምክር አጥተዋል» አልኩት። ሳቀ። ያ ሳቅ የሱ አልነበረም። ያኮ የውርርድ ኪዮስክ የለም፣ ታንቲ አዜታ የለችም፣ ወንድሙም ሞቷል። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉን ደግሞ ሰፈር ሙሉ ሰው ሰምቶበታል።

ዓርብ ጠዋት በአሮጌ ሞቢሌት ሞተር ብስክሌቱ መጣ። ቡቡ የሚባል ቀይ ሰፊ ቀሚስ ለብሷል። ኮርቻውን ከኋላው መቀመጫ ላይ ጭኖ በጎማ ክር አስሮታል፤ ከሱ በላይ የልብስ ቦርሳው አለ። ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ።

«እንግዲህ» አለ።

ሰፈሩ እንደ ወጉ ተሰናበተው። ታንቲ አዜታ ዙምኩም የሚባል የማሽላ መጠጥ በጠርሙስ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ አኩራ ሰጠችው። «ምኞትህ ደረሰልህ፣ ወንድሜ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።» ድራማኔ የመነጽሩን ጥፋት ሊክስ ብሎ ሁለቱንም ጎማዎች በነፃ ሞላለት። ሁሉም ደስ ብሎት ነበር፤ ሰውዬው ሃያ ሁለት ዓመት የተመኘውን አገኘ። ተነሣ፣ እስከ መታጠፊያው ሄደ፣ ተመለሰ።

«እርሳሴን ረስቼ።»

እርሳሱ ጆሮው ላይ ነበር። ሰው ሳቀ፣ መረቀ። ሄደ። ተመለሰ።

«ድራማኔ፣ የፊተኛው አልበዛም? እስቲ እየው።»

«ልክ ነው፣ ፕሮፌሰር። ያኮ ሳይተነፍስ ያደርስሃል።»

«ያደርሰኛል አልክ?»

«በደንብ ነዋ።»

ፕሮፌሰር ሰማዩን አየ፣ ዛፉን አየ፣ ድንጋዩን አየ። ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ ሲመጣ ምንም ሰበብ አልያዘም። ሞተሩ እያጉረመረመ ዝም ብሎ ቆመ። ያኔ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ዓርብ። ጠዋት። ቀይ ልብስ። የተጫነ ኮርቻ። እኛ ቂሎቹ መኳንንት ደግሞ መንገዱን ጨርቅ እያደረግን እንሸኘዋለን።

ማበጠሪያዬን ጣልኩና መንገዱ ላይ፣ ከፊተኛው ጎማ ሥር፣ በጀርባዬ ተዘረጋሁ።

«ተነሥ አንተ ውሻ በሊታ» አለ። «ሸሚዝህ ይቆሽሻል።»

«ሎሌ ያለ ጌታው ፈቃድ ከተማ አይለቅም።»

«ምያለሁ፣ ቶኤ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«አትሂድ ያለህ የለም፤ ሄደሃል እኮ። ሦስቴ ሄደሃል። መሐላህ ተፈጸመ። አሁን እኔ ነኝ የምለምንህ፤ ቅርልኝ።»

የመጨረሻዋን ቃል በቀልድ ልላት ነበር። አልወጣችልኝም። ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ ያለሱ እሑድ አይመሽልኝም።

ሞተሩን አጠፋ።

«ለመንከኝ?»

«ለመንኩህ።»

«ሳሞ ሞሲን ሲለምን ሰምታችኋል?» አለ፣ ዙሪያውን እያየ። «ታንቲ አዜታ፣ ሰምተሻል? ድራማኔ?»

«ሰምተናል» አሉ። ታንቲ አዜታም ገና ገብቷት ጭልፋዋን እንደያዘች ጉልበቷ ላይ ወደቀች። «አትሂድብን፣ ፕሮፌሰር።» ድራማኔም ተከተላት።

«የቀልድ ዘመድ ሲለምን መንፈግ ነውር ነው» አለ ፕሮፌሰር፣ በጣም የተቸገረ ሰው መስሎ። «ምን ላድርግ እንግዲህ።»

የጎማውን ክር ፈታ፣ ቦርሳውን አወረደ፣ ኮርቻውን ድንጋዩ ላይ ጫነው። ከዚያ ቦርሳውን ይዞ ወደ ፀጉር ቤቴ ገባ። ተከትዬው ስገባ ቦርሳውን ከፍቶ ነበር። ከሁሉም ዕቃ በላይ፣ እንዳይጨማደድ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በስታርች የተተኮሰ ነጭ ቡቡ ተቀምጧል።

እሱን አየሁ፣ ቡቡውን አየሁ፣ እሱም እኔን አየ።

«ሦስት ጊዜ አዙረኸኝ ነው የለመንከኝ» አለ፣ ነጩን በራሱ ላይ እያጠለቀ። «ሁለተኛው ላይ ትተኛለህ ብዬ ነበር የገመትኩት።»

ወጣና ኮርቻው ላይ ተቀመጠ። ድንጋዩ ከፍ ስላለበት ጥቂት አዞረው፣ የዛፉን ግንድ ያዝ አደረገ። ድራማኔ የእሑዱን ጋዜጣ አምጥቶ ያነብለት ጀመር። ፕሮፌሰር ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ወደ እኔ ጎንበስ አለ፣ በሹክሹክታም አሥራ አንድ ፈረሶች ነገረኝ። አሥራ አንዱንም ጻፍኳቸው።