ለአባዬ ስታይል የተመረጠ ስኪ

ነቀምቴ ውስጥ በክረምት የማይወድቅ ሰው የለም። ልዩነቱ አወዳደቁ ላይ ነው። ቀዩ ጭቃችን ለሀብታምም ለድሃም አያዳላም፤ የሰውን ጠባይ ግን ያጋልጣል። የባንክ ቤቱ ሰውዬ ሲያዳልጠው መጀመሪያ የሚያድነው ስልኩን ነው፤ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ እሱ በጀርባው ይወርዳል። ወንጌላዊው ሲያዳልጣቸው ሁለት እጃቸው አብሮ ይነሳል፤ ሰው ጸሎት የጀመሩ መስሎት አሜን ይላል። አንዲት የሰፈራችን ዘማሪ ደግሞ ገና እግሯ መንሸራተት ሲጀምር በገዛ ፈቃዷ ቁጭ ትልና "ደከመኝ እኮ" ትላለች። ይሄ ሁሉ ጥበብ እዚህ በየቀኑ በነፃ ይባክናል።

ኖርዌይ በሚባል አገር ግን ይሄኑ ነገር ትልቅ ሥራ አድርገውታል። ሰዎቹ እግራቸው ላይ ሁለት ረጃጅም ጣውላ አስረው፣ በገዛ ገንዘባቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው፣ ከተራራ ላይ ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ጣውላው ስኪ ይባላል። ይሄን ሁሉ የነገረኝ ናኦል ነው። ናኦል እዚሁ ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፤ ለትምህርት ሄዶ እዛው ቀረና አሁን ስኪ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ሥራው ሰው አይቶ ለዛ ሰው የሚሆን ስኪ መምረጥ ነው። እህቴን ሜቲን ማግባት ይፈልጋል። ሜቲም ትፈልገዋለች። የማይፈልገው አባዬ ብቻ ነው።

አባዬ "ልጄን ለበረዶ አልድርም" ብሏል። ሽማግሌዎች መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ፊታቸው እንዲህ አላለም፤ ጨዋ ሰው ስለሆነ "እንመካከርበት" ነው ያለው። ግን አባዬ "እንመካከርበት" ያለው ነገር ሁሉ እዛው ተቀብሮ ነው የሚቀረው። የግቢያችን አሸንዳ እስካሁን እየተመከረበት ነው፤ ዝናቡ ከጣሪያው ቀጥ ብሎ በር ላይ ይወርዳል።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሊመጡ ሲሉ፣ ናኦልም ለእረፍት ወደ አገሩ ሊበር ሲል (በበጋቸው ስኪ የሚገዛ የለም፤ የእነሱ በጋ ደግሞ የእኛ ክረምት ነው)፣ በቴሌግራም ጻፈልኝ። "ሲፈን፣ ለአባትሽ ምን ላምጣ? ልባቸውን የሚያራራ።"

ምን ልበለው? ጋቢ? አባዬ በየቀኑ ጋቢ እየቀየረ አንድ ክረምት ሳይደግም መጨረስ ይችላል። ናኦል ደግሞ ቀልድ አይገባውም የሚባል ልጅ ነው። ልጅ ሆነን "ጨረቃ ዛሬ ትሸጣለች" ብትለው የት እንደሆነ ይጠይቅህ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው እጅህ ላይ ወድቆ ዝም ማለት ኃጢአት አይደለም? "ስኪ" ብዬ ጻፍኩለት።

ስቄ ሳልጨርስ መልስ መጣ። "ጥሩ ሐሳብ ነው። ስታይላቸው ምን ዓይነት ነው?"

ከዛ ድምፁን ቀድቶ ላከልኝ። እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ ያስረዳል። ስኪ በቀለም አይመረጥም፣ በሰው ነው አለ። ቀጭኑ ለጠንካራ በረዶና ለፈጣን ሰው ነው። ሰፊው ጥልቅ ለሆነና ለስላሳ በረዶ ነው፣ እላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መካከለኛው ደግሞ የትም ይሄዳል፣ ለሁሉም ተራራ ነው፣ አንድ ብቻ የሚኖረው ሰው እሱን ይያዝ። ቁመቱ ለጀማሪ እስከ አገጭ፣ ለደፋር እስከ ግንባር። ለስላሳው ስህተትን ይቅር ይላል፤ ደረቁ ይቅር አይልም። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ እማዬን አሰብኳት።

እና ከቁመቱና ከጫማ ቁጥሩ ጀምሮ ጠየቀኝ፣ እኔም መለስኩ። ሳልዋሽ ነው የመለስኩት፣ ይሄ ይመዝገብልኝ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ስለዚህ ሹፌሩን ነገርኩት።

ዳገት ላይስ እንዴት ናቸው? ዳገት ላይ ረጋ ይላል፣ እያጉረመረመ ይወጣል። ቁልቁለት ላይስ? ከዲጋ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ፍሬን መያዝ መኪናውን መስደብ ነው ይላል። ኩርባ ላይ? ክላክስ ያደርጋል። ከመንገድ ይወጣሉ? መንገዱ ካልተመቸው በሰው ማሳ ያቋርጣል። ሲወድቁስ? አባዬ ወድቆ አያውቅም፤ መሬቱ ነው ወደ እሱ የሚመጣው።

"እሺ፣ ገባኝ" አለ ናኦል። "መካከለኛ፣ ረዘም ያለ፣ ይቅር የሚል። አንቺስ? ያንቺ ስታይል ምንድነው?"

"እኔ መጀመሪያ እገባለሁ፣ ከዛ አስባለሁ" አልኩት። "ለእኔ ግን ስልክ ነው የሚሆነኝ።"

በማግስቱ ሜቲ አልጋዬ ላይ መጥታ ቁጭ አለች። ፊቷ ከስቷል፤ ምግብም አልበላ ብሏታል። "ሲፈን፣ በሌላው ሁሉ ቀልጂ" አለችኝ። "በዚህ ብቻ አትቀልጂ። አባዬ ሁለተኛ እምቢ ካለ ሽማግሌ ሦስተኛ አይመጣም።" እሺ አልኳት። ምን ላድርግ፣ ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ነው የደረሰኝ።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ማለዳ በዝናብ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው መጡ። እንግዲህ በወጉ ጠያቂው ልጅ አብሮ አይመጣም። ናኦል ግን ከኋላቸው አለ፤ ከባጃጅ ላይ አንድ ረጅም ቦርሳ አውርዶ በትከሻው ተሸክሟል። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ኦቦ ቀነኣ ናቸው፤ "ይሄን ዕቃ እኔ ማስረዳት አልችልም፣ ለዛ ነው ልጁን ያመጣሁት" ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

ሳሎን ተቀመጡ። መልስ ሳያገኙ እህል አይቀምሱም፤ እማዬ ለእንግዳ የቀቀለችው የአንጮቴ ሥር ጓዳ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው። ከአባዬ ጎን ኤሱማ ተፈራ ተቀምጧል። ኤሱማ ማለት የእናታችን ወንድም ነው፤ ለዚሁ ጉዳይ ከአኖ ከተማ ማታውኑ ገብቷል። በእኛ አገር አባት ልጁን ሊድር ይችላል፣ ኤሱማ ካልመረቀ ግን ሰርጉ ሰርግ አይባልም። ለእሱ ናኦል ያመጣው ወፍራም ቡሉኮ ቀድሞ ተሰጥቶታል፤ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደስ ብሎታል።

ከዛ ቦርሳው ተከፈተ።

"ኩን ማሊ?" አለ አባዬ፣ ምንድነው ይሄ ማለቱ ነው። ዞር ዞር አድርጎ አየው። "አሸንዳ ነው? እንግዲህ አንድ ያሰበልኝ ሰው ተገኘ።"

እኔ በር ላይ ቆሜ ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ። ከመጋረጃው ኋላ ሜቲ ስኪውን አየች፣ እኔን አየች፣ ገባት። ቆንጠጥ አደረገችኝ። ቁንጥጫው አሁንም ይታያል።

ኦቦ ቀነኣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልጁ ይናገር አሉ። ናኦል ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ መለሰ። ይሄ ለማንም የሚሰጥ ዕቃ አይደለም አለ። ሰው ተጠንቶ ነው የሚመረጠው። ይሄ ዳገትን ረግቶ ለሚወጣ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለማይወድ፣ አንድ መንገድ ለማይበቃው ሰው ነው። ከዛ አንዱን ስኪ አባዬ ጎን አቆመው። ልክ ግንባሩ ጋ ደረሰ።

እኔ አለቀልን ብያለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ?

አባዬ ስኪውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ከዛ ወደ ጓዳ ዞሮ ጮክ አለ። "ሰማሽ? ስንት ዘመን በጭቅጭቅ ጨረስሽኝ። ፍሬን የማልይዘው ስታይል ስለሆነ ነው።"

"ዲጋ ላይ የገጨሃትን ፍየል ጠይቃት" አለች እማዬ ከውስጥ።

ግን አባዬ እማዬን አልሰማም። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሰው ሁሉ ጋቢ ሲያለብሰው የኖረ ሰው፣ አንድ ሰው መጥቶ አነዳዱን አጥንቶለታል። ሊመርቅ አፉን ከፈተ።

ይሄኔ ኤሱማ ቡሉኮውን ከትከሻው አወረደና ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው።

"ጥሩ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ለእሱ ሰውነቱ ተጠንቶ፣ ቁመቱ ተለክቶ። ለእኔ ቡሉኮ። ቡሉኮ ለማንም ይሆናል። እኔ ስታይል የለኝም?"

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ሳሉ። የተጣጠፈ ቡሉኮ የታጠፈ ምርቃት ነው፤ ይሄን ሕፃንም ያውቃል። አባዬ አፉን ዘጋ። ናኦል አስረዳለሁ ብሎ ሊጀምር ሲል ኦቦ ቀነኣ በዓይናቸው ገሰጹት። የሜቲ ነገር በአንድ ቡሉኮ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረ፣ በእኔ ቀልድ።

እኔ መጀመሪያ እገባለሁ ከዛ አስባለሁ ብዬ የለ? ገባሁ። "ኤሱማ፣ ምን እንደሚሠራ ሳታየው አትቀየም" አልኩት። "እኔ ልሞክረውና እየው። ካማረህ ያንተን ያመጣልሃል።"

ሴት ልጅ በሽማግሌ መሃል መናገሯ ነውር ነው። ግን ሽማግሌም ቢሆን ማየት ይወዳል። ሁሉም ተነስተው ጣሪያው ስር ቆሙ። ከቤታችን ጀርባ መሬቱ በሣር ተሸፍኖ ቁልቁል ይወርዳል፤ መጨረሻው የእማዬ ጎመን ነው፣ ከጎመኑ አጠገብ ሙዝ ተተክሏል። ናኦል ከስኪው ጋር የመጣውን ጫማ አለበሰኝ። በአባዬ እግር ልክ ስለሆነ የአባዬን ካልሲዎች ሁሉ ጠቀጠቅንበት። ቀጥሎ ቀጭ አድርጎ ከስኪው ጋር አሰረኝ፤ ሁለት ዘንግም አስያዘኝ። ዘንጎቹ ከታች ጭቃ እንዳይውጣቸው ክብ ነገር አላቸው።

"ጉልበትሽን እጠፊ" አለኝ በሹክሹክታ። "ወደ ፊት ዘንበል በይ። ለመቆም የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት አገናኚ፣ ተረከዝሽን ወደ ውጭ ግፊ።"

"ፍሬን አትያዢ" አለ አባዬ ከኋላ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ጭቃው ያዘኝ። "ይሄው ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ቅር ብሏቸው። በዘንጎቹ ገፋ ገፋ አደረግኩ። እርጥቡ ሣር ጋ ስደርስ ግን፣ ጎበዝ፣ አገሩ በሙሉ ወደ እኔ መጣ። ለካ አባዬ ልክ ነው፣ መሬቱ ነው የሚመጣው። ጫፎቹን አገናኚ የተባልኩት ትዝ አለኝ፤ አገናኘሁ፤ እነሱም ተገናኙና አንዱ በአንዱ ላይ ወጣ። ዘንጎቹን ለቀቅኳቸው። ጎመኑን በሁለት መስመር አርሼ፣ የሙዙን ግንድ በግንባሬ ሳምኩት።

ቀና ስል ሁሉ ነገር ቀይ ነው፤ እኔም ጭምር። ከላይ ድምፅ ሰማሁ። ኤሱማ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ፣ እንባውን በቡሉኮው ጫፍ እየጠረገ ይስቃል። አባዬም እሱን አይቶ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹም ለቀቁት። እማዬ ብቻ ጎመኗን እያየች ነበር።

"አማቼ፣ ይሄን ስኪ አንተው ያዘው" አለ ኤሱማ ሳቁ ሲያባራለት። "ሰውን እንዲህ የሚያደርግ ነገር ለእኔ ስታይል አይሆንም። እኔ ግን ያንን ነው የምፈልገው።" በእጁ አሳየ። ከዳገቱ መሃል አንዱ ዘንግ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጭቃውም ዝናቡም አላነቃነቀውም። እኔ ወድቄ እሱ አልወደቀም።

ሽማግሌዎቹ በአንድ ቃል ፈረዱ፤ አንዱ ዘንግ ለአባት፣ አንዱ ለኤሱማ። ኤሱማ ዘንጉን ተቀብሎ ጭቃው ላይ ወጋ ወጋ አደረገና ቡሉኮውን ተመልሶ ለበሰ። አባዬም "ቶሌ" አለ። ቶሌ እሺ ማለት ነው፤ እንመካከርበት የሌለበት እሺ። ሁለቱም መረቁ። አንጮቴው ወጣ። ሜቲ ከመጋረጃው ወጥታ መጀመሪያ ያቀፈችው እኔን ነው፤ ጭቃ መሆኔን ያስታወሰችው ካቀፈችኝ በኋላ ነው።

ስኪው አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ አባዬ ከሥሩ ቆሞ ግንባሩን ይለካል። አሸንዳው አሁንም እየተመከረበት ነው።

እኔ ያን ቀን ጓዳ ቁጭ ብዬ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዣለሁ። የእንቁላል ያህል አብጧል። ናኦል ቦርሳውን ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

"ስኪ ስትይኝ እንደቀለድሽ ገብቶኝ ነበር" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አመጣኸው?"

"ስለ አባትሽ የነገርሽኝ እውነት ነበራ። ያንቺንም ስታይል አልረሳሁም።" እና ከቦርሳው ሥር አንድ ነገር አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ስልክ አይደለም። ሄልሜት ነው። ቢጫ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ አገጭ ሥር የሚታሰር።

ጨርቁን ከግንባሬ አንስቼ አየሁት። "ከመውረዴ በፊት ይሄ ቦርሳህ ውስጥ ነበር?"

"ነበር" አለ፣ ቀልድ የማይገባው ልጅ። "ግን ስጦታ በወግ ነው። መጀመሪያ አባት፣ ቀጥሎ ኤሱማ። ታናሽ እህት መጨረሻ ናት።"

ደፋሁት። በደንብ ነው የመረጠው፣ ልክ በጭንቅላቴ መጠን ነበር፤ እስከዛን ቀን ጠዋት ድረስ።