ዶርቃ ዘወሰን በባዕድ ድልድይ ላይ ስለ ፈጸመችው ሽኝት

ዘመናትን ለሚያፈራርቅ፣ ሰውን ሁሉ በስሙ ለሚያውቅ አምላክ ምስጋና ይሁንና፣ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ኢሕአዴግ አገሩን በሚገዛበት፣ ከመገናኛ እስከ ሲ.ኤም.ሲ ያለው ጎዳና ለባቡር ሐዲድ ተቆፍሮ ሕዝቡ አቧራ በሚቅምበት፣ መብራትም መጥቶ ሳይቀመጥ ተመልሶ በሚሄድበት ወራት፣ የጋራዡ ጌታ የአቶ ለይኩን ልጅ፣ የወይዘሮ ዘውድነሽ የማኅፀን ፍሬ፣ ዶርቃ ዘወሰን፣ መዋዒተ ብርድ ወዝምታ፣ ይኸውም ብርድንና ዝምታን ድል ነሺ፣ በኮሌጅ ጀርመንኛ ስትማር ቆይታ፣ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጀርመን አገር ትሄድ ዘንድ ተመረጠች።

ይህን የምጽፍ እኔ ወልደ ኢየሱስ ነኝ። ከአቶ ለይኩን ጋራዥ ጋር በአጥር እዋሰናለሁ፤ በመዶሻቸው ጩኸት መካከል ዳዊቴን እየደገምኩ አርጅቻለሁ። ያየሁትን በዓይኔ አይቼ፣ ያላየሁትን ከራሷ አፍ ሰምቼ ጻፍኩ፤ ካጋነንኩም ለክብሯ ብዬ ነው።

አስቀድሞ የሰፈራችን የወሰን ሕግ ይነገር። በወሰን እንግዳ ብቻውን አይወጣም። ባለቤቱ ጫማውን አጥልቆ ከቤት እስከ በር፣ ከበር እስከ አስፋልት፣ ከአስፋልት እስከ ታክሲ ይሸኘዋል፤ እንግዳውም «በቃ ተመለስ» ይላል፤ ሸኚውም «ትንሽ ልሸኝህ» ብሎ እምቢ ይላል፤ ይህም ሲደጋገም ቆይቶ ሸኚው በክብር ይመለሳል። ተመለስ ሳይባል የተመለሰ እንደሆነ ግን ምን አስቀይመነው ነው እየተባለ ሳምንት ሙሉ ይወራል። ዶርቃ በዚህ ሕግ ያደገች ናትና፣ አክስቷ ወይዘሮ ሰገነት ከእንጦጦ ጋራ ወርደው በጠየቋቸው ቁጥር እስከ ዳገቱ ግርጌ፣ ከግርጌውም እስከ ባሕር ዛፉ እየሸኘቻቸው፣ አንዳንዴም እቤታቸው ደርሳ እዚያው ታድር ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ዶርቃ ወደ ቦሌ ዘመተች። የቤተ ክርስቲያኗ ኳየር በዩኒፎርሙ፣ የጋራዡ መካኒኮች ከነቱታቸው፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ አሳየች የዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዘው፣ እኔም በሽማግሌነቴ መስኮቱን ይዤ፣ ሁላችን በሰፈራችን ታክሲ ነጂ በዋቅጅራ ሚኒባስ ታጭቀን ተከተልናት፤ ዋቅጅራ ፍሬን በያዘ ቁጥርም መኪናውና ሰዉ አብረው ያለቅሱ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስንደርስ ግን ዘበኛው ተሳፋሪ ብቻ ይለፍ አለ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ልጃቸውን ልባቸው እስኪረካ ሳይሸኙ ከበሩ ተገቱ፤ ሽኝታቸውም ጎዶሎ ሆኖ ቀረ። በዚያ ቆመው ይህን አወጁ፦

«ስሚኝ ልጄ፣ ኋላ አልሰማሁም እንዳትይ! ቋንቋውን ተማሪ፣ ማን ከለከለሽ። ግን ብትታመሚ በርሽን የሚያንኳኳ አንድ ሰው እዚያ ከሌለሽ እኔ እዚህ እንቅልፍ የለኝም። እስከ ገና አንድ ሰው ካላገኘሽ ትምህርቱ ባፍንጫዬ ይውጣ፤ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ትመለሻለሽ!»

አቶ ለይኩንም አንገታቸውን ነቅንቀው አዋጁን አጸኑ። እንዲህም ሆኖ ዶርቃ ስትመኘው የኖረችው ትምህርት በአንድ ገና ባልተገኘ ሰው ላይ ተንጠለጠለ።

ከዚያም ወንዝ ለሁለት በሚከፍላት የጀርመን ከተማ ገብታ ሰፈረች። የአገሩ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ፈገግ ይላሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። በዚያ አገር ሰውን ለመጠየቅ ቀጠሮ ያሻል፤ ቀጠሮ ለመያዝ መተዋወቅ ያሻል፤ ያለ ቀጠሮ እንዴት እንደሚተዋወቁ ግን የነገራት አልነበረም። ጀርመንኛዋም በፈተና ወረቀት ላይ ጀግና ሆኖ ሳለ፣ የሚያናግረው አጥቶ አፏ ውስጥ ዛገ። እሑድ እሑድ እናቷ እየደወሉ «አገኘሽ?» ይላሉ፤ እርሷም ስለ አየሩ ታወራለች። የጀርመኖች ገና ከእኛ ይቀድማልና መጣ፤ የተማሪዎቹ ቤት ሁሉ ባዶ ሆነ፤ ዶርቃ ብቻዋን በመስኮት በረዶ እያየች አለቀሰች። ነገር ግን አዋጁ የእኛን ገና እንጂ የእነርሱን አይልም ብላ ይግባኝ አለች፤ ይግባኙም በወሰን ታይቶ ጸደቀ።

ተማሪዎቹ ከተመለሱ በኋላ፣ የእኛ ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በሯ ተንኳኳ። የመጣችው ስቬንያ የምትባል የንብ አርቢ ልጅ ነበረች፤ በክፍል ከዶርቃ ኋላ የምትቀመጥ፣ ቤቷም ከወንዙ ማዶ የሆነ። ዶርቃ ከክፍል የረሳችውን ሻርፕ ሰጥታት፣ ደኅና ሁኚ ብላ ዞረች። የወሰን ልጅ ግን እንግዳ ብቻውን ሲሄድ አይታ እንዴት ትቀመጥ! በዚያው በስስ ሸራ ጫማዋ ተከትላት ወጣች፤ ደረጃውን ወረደች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ ድልድዩን ረገጠች፤ በእያንዳንዱም እርምጃ «በቃ ተመለሺ» የሚለውን ቃል ጠበቀች። ቃሉ አልመጣም። ስቬንያ ማን አስተምሯት ትበል! እንዲህ እየጠበቀች፣ ጣቶቿም እየደነዘዙ፣ ከስቬንያ በር ደረሰች።

ስቬንያም ይህች ልጅ መንገድ ጠፍቷት ይሆናል ብላ አዘነችና ወደ መጣችበት መለሰቻት። ከዶርቃ በር በደረሱ ጊዜ ግን ስቬንያ እንደገና እንግዳ ሆነች፤ እንግዳ ደግሞ ይሸኛል። ዶርቃ ሸኘቻት። ስቬንያ መለሰቻት። በረዶው እየወረደ፣ ብስክሌተኞች እየዞሩ እያዩአቸው፣ ድልድዩን ሲመላለሱበት ዋሉ። መጀመሪያ ስለ በረዶ፣ ቀጥሎ ስለ ንብ፣ ከዚያም ስለ መካኒክና ስለ ኳየር፣ በመጨረሻም ስለ እናቶቻቸው አወሩ፤ ዶርቃ ስትሳሳት ስቬንያ እያረመቻት፣ ዝገቱ ከጀርመንኛዋ ላይ ተራገፈ።

ሲመሻሽ ስቬንያ ከድልድዩ መካከል ቆማ ምን እያደረግን ነው አለች። ያን ጊዜ ዶርቃ በጀርመንኛ አወጀች፦ «በእኛ ሰፈር እንግዳው ተመለሺ ካላለ ሸኚ አይመለስም። አንቺ ደግሞ አላልሽም!» ስቬንያ የድልድዩን ብረት ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። «በቃ ተመለሺ» እና «ትንሽ ልሸኝሽ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በአማርኛ አጥንታ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ከድልድዩ መካከል ይመለሱ ዘንድ ተስማሙ።

የሸራው ጫማ ግን ዋጋውን አስከፈለ። በገና ዕለት ዶርቃ ትኩሳት ይዟት ከክፍል ቀረች። በወሰን ደግሞ ሁላችን በአቶ ለይኩን ሳሎን ተሰብስበን፣ ስልኩ በላውድ ስፒከር ተከፍቶ ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽም ድምጿን እንደ ሰሙ አወጁ፦ «ታመሻል! አትዋሺኝ! ያልኩት ቀን ደርሷል፤ ሰው አለሽ ወይስ የለሽም?»

ዶርቃ በልቧ አሰላች፦ አንድ ከሰዓት አብሮ የተመላለሰ ሰው፣ ሰው አለኝ ያሰኛል? ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ የለኝም ልትል አፏን ከፍታ ነበር። በዚህ መካከል፣ ከጀርመን አገር እስከ ወሰን፣ በር ሲንኳኳ ተሰማ።

ሁላችን ሰማነው። ስቬንያ ከክፍል ብታጣት ሾርባና የአባቷን ማር ይዛ መጥታ ኖሯል። ወይዘሮ ዘውድነሽ ጀርመንኛ አያውቁም፤ ያን ድምፅ ግን አወቁት፤ ከመቀመጫቸውም ተነሥተው ጮኹ፦ «እሰይ! እሰይ! ክፈቺላት እንጂ ልጄ፣ ብርድ ላይ ልታቆሚያት ነው እንዴ! አዋጄን አንስቻለሁ፤ ተማሪ!» ብለው አለቀሱ። መካኒኮቹ አጨበጨቡ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዶርቃ ከባቡር ጣቢያው ላይ እንባዋን እየዋጠች «በቃ ተመለሺ» አለቻት። ስቬንያም «ትንሽ ልሸኝሽ» ብላ አብራት ተሳፈረች። ከአውሮፕላን ማረፊያውም በደረሱ ጊዜ «ተመለሺ» ብትባል እምቢ አለች፤ ተሳፋሪ ብቻ በሚያልፍበት በር ዘበኛ እስኪያቆማት ድረስ ሄደች። ወይዘሮ ዘውድነሽ ይህን ሲሰሙ፣ ቦሌ ላይ የቀረብኝን እሷ ሞላችልኝ ብለው የስቬንያን እናት በስም እየጠሩ መረቁ።

ክብር ለዶርቃ ዘወሰን፣ በሸራ ጫማ በረዶ ለረገጠች፣ ያለ ቀጠሮ በር ላስከፈተች! ክብር ለስቬንያ ወለተ ንብ አርቢ፣ ዘማዶ ወንዝ! በክረምቱም ወደ ወሰን ትመጣለችና፣ ዋቅጅራ ፍሬኑን ያሠራ፣ ኳየሩ ዩኒፎርሙን ይተኩስ፣ ወይዘሮ ሰገነትም ከጋራው ይውረዱ፤ ስትመጣ ሁላችን እንቀበላታለን፣ ስትሄድም ተመለሱ ብትለን አንመለስም።