የሐምራዊዋ መኪና ግምት

ሰው ለድግስ ያወጣውን ገንዘብ "በላነው" ብሎ ይተወዋል። መኪና ላይ የበተነውን ግን፣ ወይ ፍንክች! እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ደምሮ ከገዢው ኪስ ይፈልገዋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። እኔ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሠላሳ ዓመት ባትላሜራ ስሠራ የስንቱን መኪና ጎን ቀጥቅጬ አቃንቻለሁ፤ የባለመኪናን ጭንቅላት ማቃናት ግን አልሆነልኝም። መዶሻ አይገባውማ!

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቢሆንም የሰፈሩ ሰው መኪና ሊሸጥ ሲል መጀመሪያ እኔ ዘንድ ያመጣል። በጣቴ አንኳኩቼ ስቱኮ የተለሰነበትን ቦታ በድምፁ ለይቼ ዋጋ እጠራለሁ፤ ደላላውም "ጋሽ ታፈሰ የገመቷት ናት" እያለ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ የሚከራከር የለም። ያለኝ ሀብት ይህችው ቃሌ ናት፤ ሰው እሷን አምኖ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው።

ታዲያ በቀደም ዕለት የጎረቤቴ የእትዬ አስካለ ልጅ ሄኖክ ሁለት በር የስፖርት መኪናውን ይዞ መጣ። መጣ ከምል ተሰማ ብል ይሻላል፤ ማርሚታውን እንዲጮህ አድርጎ ስላሠራው ገና ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ ሲነሳ እኛ ሰፈር ውሻ ይጮሃል። ሞላውን አስቆርጦ ዝቅ ስላደረጋት በየጉድጓዱ ሆዷን እያስፈተገች ነው የምትሄደው። ከኋላዋ ደግሞ ክንፍ ተክሎባታል። እናንተዬ፣ ፒያሳ ላይ እግረኛ እየቀደማት ለምትሄድ መኪና ክንፍ! የት ልትበር ነው?

ሊብሬዋን ተቀብዬ አየሁ። ሊብሬው ነጭ ይላል፣ ፊቴ የቆመችው ሐምራዊ ናት። የሞተሩን ቁጥር አመሳከርኩ፣ እሱም ሌላ ነው።

"ሄኖክ፣ ሊብሬው ላይ ያለችው መኪና የታለች?"

"ጋሼ፣ ይቺው ናት እኮ! ተሻሽላ ነው።"

"የሚገዛህ ሰው ስም ሊያዞር መንገድ ትራንስፖርት ሲሄድ 'ተሻሽላ ነው' ይበላቸው?"

አራዳ ነኝ ባይ መቼ ይሰማል! ስልኩን አወጣና በገዛበት ዋጋ ላይ የክንፉን፣ የቸርኬውን፣ የቀለሙን ወጪ አንድ በአንድ ደምሮ ሁለት ሚሊዮን ብር ላይ ደረሰ። እኔ ደግሞ ክንፉን ማስነቀያ፣ ቀለሙን መመለሻ፣ የሞተሩን ጣጣ መጨረሻ እያልኩ ቀንሼ ቀንሼ ስምንት መቶ ሺህ ላይ ቆምኩ። ልጁ አመዱ ቡን አለ፤ ቻው እንኳ ሳይለኝ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እናትየው ለቅሶ የደረሱ ይመስል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

"ጋሽ ታፈሰ፣ እጮኛው 'ወይ መኪናዋን ሽጥ ወይ ቀለበትህን ውሰድ' ብላዋለች። እሱ ደግሞ በትንሽ ዋጋ ሞቶ አይሸጣትም። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ሁለት ሚሊዮን ታወጣለች ይበሉልኝ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴን በሉት። ከማዘኔ ይልቅ ግን ንቀቴ በለጠ። ለዚህች ሁለት ሚሊዮን የሚከፍል ሰው ካለ፣ መካሪ አባት ያጣ ቂል ነው፤ ይበለው! ደላላውን ጠርቼ "ሁለት ሚሊዮን" አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በሦስተኛው ቀን ተሸጠች። እትዬ አስካለ ጉልበቴን ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም። እኔም ቡና ቤት ገብቼ፣ ባንኮኒውን ተደግፌ፣ ማን እንደሆነ እንኳ በማላውቀው ገዢ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። "በዚህ ከተማ ዕብድ አያልቅም!" እያልኩ ሰውንም አሳቅሁ።

ያኔ ውጭ ያ ማርሚታ ጮኸ። ብቅ ብል ሐምራዊዋ መኪና በሩ ላይ ቆማለች። ከውስጧ እንደ ምንም ጎንበስ ቀና ብሎ የወጣው ልጄ ያሬድ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ምሳውን እየዘለለ ለቤት መግዣ ሲያጠራቅም የኖረው ልጄ።

"አባዬ! ሰርፕራይዝ ላደርግህ ብዬ ደላላውን ዝም አስብዬው ነው። አንተ የገመትካት ናት ሲለኝ አንድ ብር እንኳ አልተከራከርኩም!"

ከኋላዬ የቡና ቤቱ ሰው በሙሉ በሩ ላይ ተደርድሯል። አሁን ምን ይባላል? ልጄን ቂል ልበለው ወይስ ራሴን ውሸታም?

"እሺ አባዬ፣ ተወደደብኝ እንዴ?" አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ።

"ዋጋዋ ነው" አልኩት።