ወረቀት ያለው ቱቦ

እኛ ድምፅ የምንወድ ሰዎች ነን። አትካዱ። አዲስ አበባ ስንደውል ስልኩን ትተን በመስኮት የምንጣራ ይመስል እንጮኻለን። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሁለት ሐበሻ ማዶ ለማዶ ሆኖ ሰላም ሲባባል ያየ ፈረንጅ መኪና ተጋጭተው የተጣሉ ይመስለዋል። ሰርግ ላይ ዲጄው ድምፁን ካልጨመረ የሙሽራው ወገን ተናቅን ብሎ ያኮርፋል። ሹክ ማለት የምንችለው ሐሜት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጎረቤት ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል።

እኔ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል ድምፅ የምፈራ ሆኜ ተወለድኩ። ፊኛ እፈራለሁ። ቶስተሩ ጧ ብሎ ዳቦውን ሲተፋ እዘላለሁ። ምን ደርሶባት ነው እንዳትሉ፣ ምንም አልደረሰብኝም። ገርጂ ተወልጄ፣ ገርጂ አድጌ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከእናቴ ጋር መጣሁ፣ አለቀ። አንዳንድ ሰው ሽንኩርት አይወድም፤ እኔ ጧ የሚል ነገር አልወድም። የመጣን ዓመት ጁላይ አራት፣ የአሜሪካ የነፃነት ቀን ላይ፣ ሰፈራችን ኮሪያታውን በርችት ሲናወጥ እኔ ትራሴን ይዤ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኝቼ ነበር። እናቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችኝና «ፈሪ ለእናቱ» ብላ፣ ስረግጠው እንዳያንሸራትተኝ ሳሙናውን አንስታ ወጣች።

እንግዲህ የእንደዚህ ዓይነት ልጅ አጎት ምን ዓይነት ሰው መሆን ነበረበት? ላይብረሪ የሚሠራ። የኔ አጎት ግን ተኳሽ ነው።

ሙሌ ይባላል፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናቴ «ጋሼ በዪው» ትለኛለች፣ እሱ «ሽማግሌ አታድርጊኝ» ይላል። ላስ ቬጋስ የሆቴል ሻትል ይነዳል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲያነሳ ከርሞ ቅዳሜ ሲሆን ከከተማው ወጣ ብሎ በረሃ ውስጥ ያለ የተኩስ ክለብ ይሄዳል። እንስሳ አይገድልም፤ ዶሮ እንኳን የሚያርድለት ሰው ነው የሚፈልገው። የሚተኩሰው ክሌይ የሚሉትን ነው፦ የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ብርቱካናማ የሸክላ ሰሃን አለች፣ ማሽን ወደ ሰማይ ይወረውራታል፣ እሱ አየር ላይ እንዳለች ሾትገን በሚሉት ጠመንጃ ይሰብራታል። በቃ ይኸው ነው። እኔ አንድ ብርጭቆ ሰብሬ ከእናቴ የሰማሁትን እሱ አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም።

መጀመሪያ ክለቡ የወሰደኝ ጊዜ ከመኪናው አልወረድኩም። መስኮቱን ዘግቼ፣ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ፣ ኋላ ወንበር ላይ እንደ ጃኬት ታጥፌ ዋልኩ። ሙሌ እየተመላለሰ አባበለኝ። ሰው ሲያባብል መቼም ሐሳብ አያልቅበትም። ጆሮ መሸፈኛ ብሰጥሽስ፣ ድምፁ ቀነስ ቢልስ፣ አይስክሬም ብገዛልሽስ። እኔ እንዲሄድልኝ ብቻ ብዬ ለሁሉም «ምናልባት» አልኩ።

በዚያው ሰሞን አጎቴ አዲስ አመል አመጣ።

ነገሩ ሰፕረሰር ይባላል። ሰው ሳይለንሰር ይለዋል። ድምፅ ማፈኛ ብዬ ባወራላችሁ ደግሞ ደህና ሰው የማይዘው ዕቃ ይመስልብኛል። ቴርሞስ የሚያክል ጥቁር ቱቦ ነው፣ የሾትገኑ አፍ ላይ ይጠመዘዛል። ላስ ቬጋስ ያለችበት ኔቫዳ ውስጥ ሕጋዊ ነው፤ ግን እንደ ድንች መርጠህ፣ ከፍለህ ይዘኸው አትወጣም። ፎርም ትሞላለህ፣ ፎቶ ትነሳለህ፣ አሻራ ትሰጣለህ፣ ከዚያ መንግሥት ማንነትህን አጣርቶ በስምህ እስኪመዘግብልህ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። እኛ ያለንበት ካሊፎርኒያ ጭራሽ አይፈቀድም። ሶ፣ ሙሌ ሊጠይቀን ሲመጣ ድንበር የሚያልፈው የቱቦው ፎቶ ብቻ ነው።

ፎቶው ግን በደንብ አለፈ። እናቴ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እኔ እስክትጨርስ ጥግ ይዤ ሆምወርክ እሠራለሁ። ሙሌ በመጣ ቁጥር ትልቁ ጠረጴዛ ጋ ይቀመጥና ስልኩን ያዞራል። ይሄ ውስጡ ነው፣ ይሄ ክፍሎቹ ናቸው፣ ይሄ መጠምዘዣው ነው። መንታ የወለደ ሰው እንኳን እንደዚያ ፎቶ አያሳይም።

የዚያ ጠረጴዛ ዳኛ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ጎጃም ገጠር ተወልደው፣ ሎስ አንጀለስ ታክሲ ነድተው፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው አዩት።

«ቴርሞስ ነው?»

«አይደለም ጋሼ፣ የጠመንጃ ድምፅ መቀነሻ ነው።»

«መቀነሻ።»

«አዎ። ገዝቼዋለሁ፣ ፈቃዱን እየጠበቅኩ ነው።»

ጋሽ ወርቁ የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት። «ስማኝ ልጄ። እኛ ዘንድ ሰው በሬውን ሸጦ ጠመንጃ የሚገዛው እንዲሰማለት ነው። ልጅ ሲዳር ይተኮሳል፣ ሰው ሲሞት ይተኮሳል። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰምቶ ምን ሆኑ ብሎ ይመጣል። አንተ ድምፁን ቀንሰህ ማንን ልትጠራበት ነው?»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ሙሌም አብሮ ሳቀ። «አይ፣ ለጆሮ ጥሩ ነው ብዬ ነው ጋሼ» ብቻ አለ። እኔም ጥጌ ላይ ሆኜ ስቄያለሁ፤ ምን ይደረግ፣ የሚያስቅ ነበራ።

ወራት አለፉ። አንድ እሁድ ሙሌ ፊቱ በርቶ ገባና ፈቃዱ መጣልኝ አለ። ዳኒ የሚባል አስተናጋጅ አለ፤ ጥገኝነት ጠይቆ እኛ ሳንመጣ ጀምሮ መልስ የሚጠብቅ። ትሪ እንደያዘ ቆመ።

«ቆይ፣ ቱቦው ወረቀት አገኘ?»

«አገኘ።»

«አሻራ ተሰጥቶ?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ በስሜ ነው።»

«አሻራ እኔም እኮ ሰጥቻለሁ» አለ ዳኒ። «ሙሌ፣ እባክህ እኔንም የዕቃ ፎርም ሙላልኝ። አልጮህም።»

ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን ሳቁ ሳያልቅ ወደ ኩሽና ገብቶ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ጉራ አይሁንብኝና፣ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ሰው ሆኛለሁ። እንደመጣሁ ክላስ ውስጥ ድምፄን የሚያውቅ አልነበረም፤ ስሜ ሲጠራ አቤት በማለት ፈንታ እጄን ነበር የማወጣው። ከዚያ ፊዚክስ ፈተና ላይ ከሁሉም በለጥኩ፣ አስተማሪያችን መልሴን ለክላሱ አነበበችው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ አልወርድ አለ። የናንተም ቢሆን አይወርድም። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባል የለ፤ የኔ ቢታይ የሚያሳፍር አይደለም ብዬ ወሰንኩ።

የድምፅ ምዕራፍ ላይ ደረስንና እያንዳንዳችን አንድ ነገር መርጠን ፕሬዘንቴሽን አቅርቡ ተባልን። አንዱ ጊታር አለ። አንዷ ዓሣ ነባሪ አለች። ሦስት ልጆች ሄድፎን አሉ። እጄ ከኔ ቀድሞ ወጣ።

«ሾትገን ሰፕረሰር» አልኩ።

ክላሱ ጸጥ አለ። ቱቦው ራሱ እንደዚያ ጸጥ አያሰኝም።

አስተማሪዋ ከክላስ በኋላ አስቀረችኝ። የአጎቴ ነው፣ ኔቫዳ ነው ያለው፣ የተመዘገበ ነው፣ የሚሰበረው ሰሃን ነው ብዬ አስረዳኋት። አሰበችና «የመሣሪያ ፎቶ የለም፣ ዕቃ ማምጣት የለም፣ ስለ ድምፁ ብቻ» አለች። እሺ አልኩ። በማግስቱ ጽፌ ያመጣሁላትን ቆማ አነበበችውና ወደደችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «አንቺ ስትሰሚው ምን ይመስላል?»

ሰምቼው አላውቅማ። ቱቦው ከመጣ ወዲህ ክለቡን አላየሁትም፤ ከዚያ በፊት የማውቀውም የመኪናውን ኋላ ወንበር ነው።

«ቅዳሜ ሄጄ ሰኞ እነግርሻለሁ» አልኳት። አፌ ነው ያለው፣ እግሬ አልተማከረም። ከመኪናው ካልወረድኩ ሁለት ምርጫ ነው የሚቀረኝ፤ ወይ ክላስ ፊት ቆሜ መዋሸት፣ ወይ ከልጅቷ ጋር ዓሣ ነባሪ መከፋፈል። ስዋሽ ደግሞ ፊቴ ላይ ይነበባል። ያቺ በስንት መከራ የወጣች እጄ ተመልሳ ልትወርድ ነው።

ሙሌ ዓርብ ማታ መጥቶ ወሰደኝ። እናቴ በር ላይ «ከመኪና እንዳትወርጂ» አለችኝ፤ የዘወትር ምክሯ ናት።

«መውረድ አለብኝ እማ።»

አየችኝ፣ አየችኝና «እንግዲያው ጆሮሽን ሸፍኚ» አለች።

በረሃው እንደተውኩት ነበር። ሬይ የሚባለው ሽማግሌ ፈረንጅ፣ የሙሌ የተኩስ ጓደኛ፣ ባለፈው በመስኮት እጁን ሲያወዛውዝልኝ የዋለው፣ አሁንም አወዛወዘልኝ። ጆሮ መሸፈኛው ጆሮዬ ላይ፣ መዳፎቼ መሸፈኛው ላይ፣ መስኮቱ ድርግም። ሙሌ ቱቦውን ጠመዘዘው፤ ሾትገኑ ረዝሞ የግቢ መጥረጊያ መሰለ። ሰሃኗ በረረች። ትከሻው ነቅነቅ ሲል አየሁ። ሰሃኗ ግን ምንም ሳትሆን ሄዳ አሸዋው ላይ አረፈች።

ሳተ። ቀጣይዋንም ሳተ።

በሩን ትንሽ ከፈት አደረግኩት። ጠበቅኩ። ሰማሁት።

ንገሪን ካላችሁ፣ ዝም አይልም። ፊልም ላይ እንደሚያደርጉት ትፍ ብሎ አያልፍም። ይጮኻል። ግን ያ ጭንቅላት የሚሰነጥቀው ነገሩ ወልቋል፤ ወፍራም መዝገበ ቃላት ከጠረጴዛ ላይ በጠፍጣፋው ሲወድቅ ዓይነት ነው። ያስደነግጣል፣ አያባርርም። መዝገበ ቃላት ደግሞ ፈርቼ አላውቅም።

ወረድኩ።

 ሄጄ ከሙሌ ኋላ፣ ሬይ አጠገብ ቆምኩ። ሙሌ ዞር ብሎ አየኝ። የሚቀጥለውን ሰሃን ከሁሉም አብልጦ ሳተው።

እንደ ጀግና ቆሜ ቆሜ ሽንት ቤት ሄድኩ፤ ከቢሮው ጀርባ ነው ያለው። ስመለስ ጧ አለ። ያ የድሮው፣ ራቁቱን። ከለስላሳ መሸጫው ማሽን ጀርባ ቁጢጥ አልኩ። ጧ። አሁንም ጧ። አጮልቄ አየሁ።

ሙሌ ነው። ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሾትገኑ ቀሎለት ትከሻው እንደ ጨፋሪ ይዞራል፣ ሰሃን በወጣች ቁጥር አቧራ ትሆናለች፣ አንድም አትተርፍም። ጥርሱ በሙሉ ይታያል። እናቴ ልጅ እያለ ያነሳችው ፎቶ አለ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሬይ አየኝና በክርኑ ጎሸም አደረገው። ሙሌ ቶሎ ብሎ ጥይቱን አራገፈ፣ ቱቦውን አነሳ፣ ጠመዘዘው። ስደርስ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

ሰሃኗ በረረች። ሳታት።

ያን ጊዜ ነው ኋላ ወንበሩ ትዝ ያለኝ። ድምፁ ቀነስ ቢልስ። ምናልባት። እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ የረሳሁትን አንዲት ቃል ይዞ ሰውዬው ፎርም ሞላ፣ አሻራ ሰጠ፣ እነዚያን ሁሉ ወራት ጠበቀ፣ ጋሽ ወርቁ ሰው ሲያስቁበት አብሮ ሳቀ። ያም አልበቃው፣ ቅዳሜውን ሙሉ ሊስት ተስማማ። አይስክሬሙንም ምናልባት ብዬው ነበር፤ ስንመለስ ገዛልኝ።

እንዳየሁት አልነገርኩትም።

ሰኞ ክላስ ፊት ቆምኩ። ሁለት የተናጠ የለስላሳ ጠርሙስ ይዤ ነበር። አንዱን ባንድ ጊዜ ከፈትኩት፤ ፏ ብሎ የፊተኞቹን አጠባቸው። ሁለተኛውን ቀስ፣ ቀስ እያልኩ ከፈትኩት፤ እስ ብሎ አለቀ። ቱቦውም እንደዚህ ነው፣ ጋዙን በየክፍሉ እያሳለፈ ያበርደዋል አልኩ። ከዚያ ስለ መዝገበ ቃላቱ ነገርኳቸው። ሸሚዙ የራሰው ልጅ እጁን አወጣ።

«ዝም ካላሰኘው ምን ይጠቅማል?»

የጻፍኩት መልስ ነበረኝ፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ጆሮ ጤና። ሌላ መልስ ወጣ። «አጠገብህ ሰው መቆም ይችላል» አልኩ።

አስተማሪዋ ለቀጣዩ ክላስም ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት፤ ሁለተኛው ላይ ድምፄን ጨምሬ።

እሁድ ፌርፋክስ ስደርስ እናቴ ከኩሽና ወጥታ፣ ልጄ ድምፅ እንዴት እንደሚቀነስ አስተማሪዋን ሳይቀር አስተማረች ብላ መንገድ ማዶ ላለው ሁሉ አሰማች። ጋሽ ወርቁ ጠሩኝ።

«እህ፣ የሙሌ ነገር፣ ይጮኻል አይጮኽም?»

«ይጮኻል ጋሼ። ግን ሰው አያባርርም። እኔ ራሴ አጠገቡ ቆሜያለሁ።»

«አንቺ?» አሉ። ስለ መታጠቢያ ገንዳው ያልሰማ ፌርፋክስ ላይ የለም።  «እኛ የምንተኩሰው ማዶ ያለው እንዲመጣ ነበር። የሱ ደግሞ አጠገቡ ያለው እንዳይሄድበት ነው።» ሚጥሚጣውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «ኦኬ» አሉ። ጋሽ ወርቁ ኦኬ ካሉ ይግባኝ የለም።

እኔም ልቤ አብጦ ለሙሌ ቴክስት አደረግኩለት። «ሌላ ጊዜ ስመጣ ቱቦውን አውልቀው፣ አልፈራም።»

ወዲያው መለሰ። «ማን ላንቺ አለሽ? ለኔ ጆሮ ነው። ደግሞ ይሄን ሁሉ ጠብቄ ላወልቀው?»

«ኦኬ» አልኩት።

ሶ፣ እሱ ለጆሮው እንደገዛው፣ እኔም እንደማልፈራ ተስማምተን እየኖርን ነው። ዘንድሮ ጁላይ አራት ሲደርስ፣ ለማንኛውም ብዬ ትራሴን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። እናቴ ሳሙናውን ቀድማ አንስታዋለች።